ለአረፋ የሚደርሰው ሞተር

መርካቶ፣ ነሐሴ 2009 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ። እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ ብርዱን እንዴት ቻለው? የላኩልሽን ቅባት ለጎረቤት እያዞርሽ አታስጨርሺው፣ ላንቺ ብዬ ነው የገዛሁት። ላሟ ወለደች ወይ? አጎቴስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ የመኪና ወንበር ልብስ ስፌቱም ክረምት ነው ሳይል እየሄደልኝ ነው።

ለምን በስልክ አልነገረችኝም እንዳትይ። አንቺ ስልኩን ድምፁን ለቀሽ ደጃፍ ላይ ስታስቀምጪው እኔ የምናገረውን መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል። ባለፈው ስለ ረሂማ እርግዝና የጠየቅኩሽን ገበያ ላይ መልሰው እሷኑ ጠየቋት አሉ። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሽው ፊደል ዛሬ ይሥራ ብዬ በትልልቁ ጻፍኩልሽ። ሐምዱ ነገ ወደ አገር ቤት ስለሚወጣ እጅሽ ላይ ያደርሰዋል። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው።

የአገር ልጆች ማኅበር ለመንደራችን መጓጓዣ እገዛለሁ ማለቱን ሰምተሻል። ተገዛ። አንድ ፕሮጀክት ቢሮውን ሲዘጋ ንብረቱን በሐራጅ ሸጠና የኛዎቹ ሄደው ባለ አራት ጎማ ሞተር ይዘው መጡ። እንደ ሞተር ሳይክል በእጀታ ነው የሚነዳው፣ ጎማው ግን ወፍራም ነው፤ ጭቃም ዳገትም አይፈራም። ምን አለሽ ተራ ያሉት ብረት ሠሪዎች ደግሞ ከኋላው የሚጎተት፣ ጣሪያ ያለው አልጋ ሠሩለት። ከእንግዲህ ወላድ በቃሬዛ አትሄድም ማለት ነው።

ያለፈውን ክረምት አንቺ በዓይንሽ አይተሽዋል፣ እኔ የሰማሁት በወሬ ነው። ረሂማን ተሸክመው ወንዙ ዳር ሲደርሱ ሞልቶ እንደጠበቃቸው፣ እስኪጎድል ቆመው ልጇ ሕይወቱ አልፎ እንደተወለደ። እህቴ ያን ቀን ስትጮህ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የሰው መኪና ወንበር ስሰፋ ነበር። አሁን ደግሞ ወሯ ገብቷል፣ ወንዙም ያው ወንዝ ነው። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር ስፌቴን አቆማለሁ። ሞተሩ ለአረፋ እንዲደርስ ከማኅበሩ ሰው ሁሉ ይበልጥ የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

ታዲያ ይሄ ሞተር ታመመ። ቆሞ ሲሠራ ምንም አይለውም፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ነዳጅ ሲሰጡት ግን ይታፈናል። ድምፁ መጨመር ሲገባው ይወርዳል፣ ይንተፋተፋል፣ ዳገቱ መሐል ላይ ሲደርስ ጸጥ ይላል። እጃቸውን ሲያነሱለት መልሶ ደህና ይሆናል። ሰው ቢሆን ሥራ ሲሉት የሚያመው ሰነፍ ነው ብዬ እተወው ነበር።

የያዘው መካኒክ ይመር ይባላል። ጋራዡ ከሱቄ ጀርባ ነው። ወሎዬ ነው፣ የኛን ቋንቋ አያውቅም፣ ቆጮ ግን ሳቀርብለት ይበላል፤ ክትፎ ሳይኖርም ይበላል። ሰው ዝምተኛ ነው ይለዋል። ዝም የሚለው የሚናገረው አጥቶ አይደለም፣ ሌላው እስኪጨርስ ስለሚጠብቅ ነው። መርካቶ ውስጥ ደግሞ ሌላው አይጨርስም።

ሞተር ከፍተሽ መንገድ ዳር ካቆምሽ እዚህ ሐኪም አይጠፋም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሐጂ ጃፋር ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል አሉ። ይመር ቤንዚኑን ደፍቶ አዲስ ቀዳበት፤ ያው ነው። አንዱ ካንዴላው ነው አለ፤ ካንዴላው ተቀየረ። ሌላው ካርቡራቶሩ ነው አለ፤ ካርቡራቶሩ ወርዶ ታጠበ፣ ቀዳዳው ሁሉ በአየር ተነፋ። የሰፈሩ ተሸካሚዎች አልጋው ከብዶት ነው ሲሉ አልጋውን ፈታው፤ ያለ አልጋም ታፈነ። ጎረቤቴ እትዬ ሸዋርካብሽ ደግሞ ዓይን ነው፣ ሞተር ቀይ ከፋይ አልብሳችሁ አደባባይ እያወጣችሁ ብለው ተቆጡን። የወንበሩን ልብስ የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ነገሩን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

ይመርን ያሳበደው ሌላ ነገር ነው። ጋራዥ ውስጥ ፈታቶ፣ ገጣጥሞ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ እንደ አዲስ ያገሳል። ተሠራ ብለን ደስ ይለናል። ከዚያ ወንበሩን መልሶ ወደ አብነት የሚወስደው ዳገት ላይ ሲያወጣው ይሞታል። ገፍቶ ያመጣዋል፣ እንደገና ይፈታዋል፣ እንደገና ደህና ነው። ሰውዬው ምሳ መብላት አቆመ። ለምን እንዲህ ትሆናለህ ብዬ ብጠይቀው፣ እህትሽ የምትጠብቀው ይሄን አይደል ወይ አለኝ። ለካ አንድ ቀን ክር እየመረጥኩ የነገርኩትን ሁሉ ይዞታል።

ሐጂ ጃፋር ደግሞ ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ መጥቼ አያለሁ፣ ካልሆነ ምን አለሽ ተራ ተወስዶ ይሸጣል አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። የማይሄድ ነገር አገር ቤት ወስደን ወላድ መንገድ ላይ ብናስቀርስ ነው ያሉት፣ እውነታቸውን ነው። ግን ሌላ እስኪገዛ ክረምቱ ያልፋል፣ ረሂማ ደግሞ ክረምቱ እስኪያልፍ አትቆይም።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ጣለ። ይመር ወንበሩን አወለቀና ጭቃ እንዳይነካው ያዥልኝ ብሎ ሰጠኝ። ከፋዩን ሲነካ ሁልጊዜ እጁን ይጠርጋል፣ መካኒክ ሆኖ እንደሱ የሚጠነቀቅ አላየሁም። ወንበሩን ገልብጬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ያኔ ነው ከሥሩ ያየሁት። ወደ ውስጥ ያጠፍኩት ትርፍ ጨርቅ ላይ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ክብ ምልክት አለ፣ ዙሪያው አቧራ የያዘ፣ መሐሉ የተጠባ። እኔ ያላስቀመጥኩት ምልክት ነው። ይመርን እዚህ ወንበሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ምን አለ ብዬ ጠየቅኩት። ሞተሩ አየር የሚስብበት አፍ ነው አለኝ። ይህን ሲለኝ ያጠፍኩትን ጨርቅ እንደገና ዳሰስኩት።

እማዬ፣ የሙያዬን ነገር ልንገርሽ። ለማላውቀው ደንበኛ ስሰፋ ጠርዙን ቆርጬ ወጥሬ ነው የምሰፋው። ለዘመድ ሲሆን ግን ትርፉ አይቆረጥም፤ ነገ ሲያረጅ መታደሻ ይሆናል ተብሎ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ለዘመድ ቆርጦ መስፋት እኛ ዘንድ ስስት ነው። ይሄ ወንበር ደግሞ ረሂማ አልጋው ላይ ስትተኛ አንቺ ከነጂው ኋላ የምትቀመጪበት ነው፣ ጉልበትሽን እንዳያምሽ ስፖንጁንም ደረብኩት፣ ትርፉንም ከማንም ወንበር አብዝቼ ተውኩት። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ጥቂት አየር ይበቃዋል። ነዳጅ ሲሰጡት ግን አጥብቆ ይስባል፣ ያኔ የኔን ከፋይ ጎትቶ አፉ ላይ ይለጥፈዋል። እጃቸውን ሲያነሱ ይለቀዋል። ጋራዥ ውስጥ የሚሻለው ወንበሩ ስለሚወልቅለት ነበር።

አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ወንበሩን ሱቅ ወስጄ ዝም ብዬ ልቆርጠው ነው። ስሜ መርካቶ ውስጥ በስፌቴ ነው የሚታወቀው። ግን ይመር ፊቴን አይቶ ጨርቁን ወሰደና እሱም አየው። ወዲያው ሐጂ ጃፋር ከማኅበሩ ሰዎች ጋር ጃንጥላ ይዘው ገቡ።

ይመር ቀደመኝ። ስህተቱ የኔ ነው አላቸው፤ ወንበሩ ሲወልቅና ሲገጠም ለይቼ መሞከር ነበረብኝ፣ ይሄ የመካኒክ ሥራ ነው አለ። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ሰው ስለ እኔ ሲሸከም ማየት አልችልም። ውሸቱን ነው ሐጂ፣ ጨርቁን የተውኩት እኔ ነኝ አልኩ። እሱ፣ እሷ ሞተር ልታውቅ አይገባትም አለ። እኔ፣ እሱስ ስፌት ያውቅ ነበር ወይ አልኩ። ሰው ጥፋቱን በሌላ እያሳበበ ሲጣላ አይቻለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው የኔ ነው ብሎ ሲጣላ ግን ያየሁት ራሴን ነው። ድምፃችን ከፍ ብሎ ኖሮ እትዬ ሸዋርካብሽ ከሱቃቸው ወጥተው ቆመዋል። ሐጂ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩና ጢማቸውን ዳሰሱ። መጀመሪያ ሞተሩ ይሞከር አሉ።

መቀሴን አምጥቼ እዚያው ፊታቸው ቆረጥኩት። ይመር ወንበሩን ገጠመ፣ አልጋውን መልሶ ከኋላ አሰረ። ሐጂ ጃፋር ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ወጡና ተቀመጡ፤ ባዶውን ቢሄድ አላምንም አሉ። እንደዚያ አድርጎ ዳገቱን ወጣው እማዬ። አልታፈነም፣ አልተንተፋተፈም፣ ድምፁ እየጨመረ ሄደ። ሱቅ ያለው ከሱቁ፣ ሸክም ያለው ከነሸክሙ ቆሞ አየ። እኔ መቀሴን እንደያዝኩ አለቀስኩ። የረሂማ ልጅ ዓይኔ ላይ መጣብኝ፣ ያለፈውም የሚመጣውም።

ማክሰኞ አይሱዙ ላይ ይጫናል። እዚያ ሞተሩን የሚይዘውን ሰሚርን መንዳት የሚያስተምረው ይመር ነው፣ አብሮ ይመጣል። አረፋን ብቻ ውሎ ይመለሳል ብዬ ነበር፤ ረሂማ ሳትገላገል አልመለስም አለ። ማንም አላዘዘውም። መንገድ ላይ ስትሆን የምላት እንዳላጣ ብሎ አይዞሽ በናንተ ቋንቋ ምን ይባላል ብሎ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ትልቅ ሴት እንዴት ሰላም እንደምትባልም አስጠንቼዋለሁ፤ እያበላሸው ነው፣ እንዳትስቂበት።

እኔ ለዋዜማው፣ ለሴቶች አረፋ እደርሳለሁ፣ ቅቤውን አብረን እናነጥራለን። በማግስቱ ሐጂ ጃፋርና ሌሎች ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቤት ይመጣሉ። አጎቴ ያን ቀን የትም እንዳይሄድ ንገሪው፣ ትልቁ ምንጣፍም ይነጠፍ። መጀመሪያ ስለ ሞተሩ ያወራሉ፣ ስለ ወንዙ ያወራሉ፣ ስለ ዝናቡም ያወራሉ። ከዚያ ይመር የላካቸውን ነገር ያነሳሉ።

አላህ ረሂማን በሰላም ይገላግላት፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤታችንን ሞቅ አድርጎ ያቆይልን። አጎቴን፣ ሰሚርን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ። እነዚያን ሰዎች እንደ ወጉ ሌላ ቀን ተመለሱ ማለትሽ አይቀርም፤ ማለትም አለብሽ። ቀኑን ግን ብዙ አታርቂው።

ልጅሽ