ፍሬን የምትይዝ መኪና

ለማትመልስልኝ ለአበራ፣

ከተለያየን የፊታችን ቅዳሜ ዓመት ይሞላናል። ነፍስህን ይማረውና፣ እንዴት ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም። አንተማ ከርመሃል። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ዋርካው ጥላ ሥር፣ ማንም «ጓድ አበራ» ብሎ በማይጠራህ ቦታ ተኝተሃል። ያልከረምኩት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ እንዳይመስልህ። ናፍቀኸኛል፣ እሱን ተወው፤ የምጽፈው ግን ተናድጄብህ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት በሰው ፊት ታለቅሳለች እንጂ አትቆጣም። ዓመት ሙሉ አለቀስኩልህ። ዛሬ ደግሞ ልቆጣህ።

ነገ አዲስ አበባ ወጥቼ መኪና እቀበላለሁ። አዎ፣ አዲስ ፒካፕ። አንተ ተራህን ለሰው ሰጥተህ ባዶ እጅህን ከተመለስክበት፣ ከዚያው ቦታ።

መጀመሪያ ግን ስለ ቤት ልንገርህ። ከተጋባን ጀምሮ «ነገ እሠራዋለሁ» ስትል የኖርከው የበሩ መቀርቀሪያ ተሠርቷል። አናጢ ጠራሁ፤ ሻይ እስካፈላለት እንኳ አልቆየም፣ ጨርሶ ዕቃውን ሰበሰበ። ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነበር፣ አበራ! ፓፓያው አፍርቷል። ልጅህ ሰናይት ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፣ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ቁመቷ አንተን ሆኗል፤ ሲጠሯት እንዳልሰማች መሆኗም አንተን። አሮጌዋ መኪና ትቆምበት የነበረው ቦታ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሮ ቀርቷል፣ ዶሮዎቹ እንኳ እዚያ አይጭሩም። የተረፈውን ብረቷን ለገዢ ሰጠሁት። ሲጭኑት ወጥቼ አላየሁም።

በጉን ታስታውሳለህ? እኔ አልረሳሁትም። በስንት ልመና፣ በስንት ኩርፊያ አዲስ መኪና አዘዝክልኝ። ያዘዝክ ዕለት ሙሽራ መስለህ ነበር የገባኸው። በማግስቱ ጀመረህ። «አስካለ፣ የማይሆን ነገር ውስጥ ገባሁ እንዴ?» ትላለህ ምሳ ላይ። «ትርፍ ቤት የወረሱ ሰዎች መኪና መውረስ ያቅታቸዋል?» ትላለህ ሽንኩርት እየመዘንክ። አይዞህ፣ የምንሠራባት አንዲት መኪና ትርፍ አትባልም እልሃለሁ። «የእህቴስ አፍ?» ትላለህ። እህትህ መኪና ባይኖረንም ያወራሉ እልሃለሁ። ሽንኩርት መሸጡን ትቼ አይዞህ ስልህ ዋልኩ፣ አይዞህ ስልህ ከረምኩ። ጠዋት ያጽናናሁህን ማታ ጨርሰኸው ትገባ ነበር።

ከዚያ አንድ እሑድ ከስብሰባ ስንወጣ የቀበሌው ሊቀመንበር ትከሻህን መታ አድርጎ «ጓድ አበራ፣ እየደላህ ነው አሉ» አለህና ሳቀ። ሌላ ምንም አላለህም። ሰውየው ምናልባት ረስቶት አደረ፤ አንተ ግን ያችን ሳቅ ይዘሃት ገብተህ እህል አልቀምስም አልክ። ንዑስ ከበርቴ ሊሉኝ ነው፣ ስሜ ሊነሳ ነው፣ አልክ። አይዞህ አልኩህ። እንዴት እንደደከመኝ ብታውቅ!

ተራህ ደረሰ ተባለና ሄድክ። እኔ ሞኟ፣ ወጉ ነውና፣ ደሙ ጎማው ላይ የሚፈስ በግ ገዝቼ በር ላይ አሰርኩ። መኪናዋ ሳትደርስ በግ ያሰረ ሰው ከእኔ በቀር አይቼ አላውቅም። ጎረቤት ጠራሁ። የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሰንበት ጠበል ይዘው መጡ። ባለጋሪው ኦቦ ቶሎሳ ሥራቸውን ትተው ሊመርቁ መጡ። የናዝሬትን ፀሐይ ታውቃታለህ፤ ላባችን ጠብ እያለ በር ላይ ቆምን። መኪና በመጣ ቁጥር እልል ልንል አፋችንን እንከፍታለን፣ ያልፋል፣ እንዘጋለን። አመሻሽ ላይ የፈረስ ኮቴ ሰምተን ዞር ስንል በጋሪ መጣህ። ከአውቶቡስ ተራ፣ በጋሪ! ኮትህን ክንድህ ላይ ጥለህ። «ተራዬን ለሌላ ሰጠሁት፣ ለእኛ የሚሆን ነገር አይደለም» ብለህ በመሀላችን አልፈህ ገባህ።

ጎረቤቱ እኔን ያየኛል፣ እኔ በጉን አየዋለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያዳኑኝ ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ «ኧረ እንግዲህ የኔም ጋሪ ጎማ አለው» አሉና በጉ ታርዶ ደሙ ለጋሪው ጎማ ፈሰሰ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ በላ፣ መርቆ ሄደ። እኔም ሳቅሁ። ጥርሴ ነው የሳቀው፣ አንጀቴ አሮ ነበር።

ወደ አሮጌዋ ተመለስን። ፍሬኗ ሲያሰኘው ይይዛል፣ ሳያሰኘው አይዝም። መለዋወጫ የለም ትላለህ፤ እውነትህን ነው፣ አልነበረም። ስለዚህ ታኮው፣ ጎማ ሥር የሚወተፈው ያ ድንጋይ፣ እግሬ ሥር ይቀመጥ ነበር። ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት ጭነን ስንመጣ ዳገት ላይ ቀጥ ትልና «ዝለይ!» ትለኛለህ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ድንጋዩን አቅፌ እዘልና ከኋላ ጎማ ሥር እወትፋለሁ። ሌላው ለሚስቱ ወርቅ ያስራል፣ አንተ ድንጋይ አሸከምከኝ። ፍሬኑን አንድ በለው ስልህ «አንቺ እያለሽልኝ ፍሬን ምን ያደርግልኛል» ብለህ ትስቃለህ።

ግን ልዋሽህ አልችልም። ተመልሼ ስገባ መዳፌን ይዘህ አቧራውን በሸሚዝህ ጫፍ ትጠርግልኝ ነበር። ጣት በጣት። ያኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከገበያተኛው ሴት ሁሉ የበለጥኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። የሚጠረግ እጅ እንዳይኖር ማድረግ ትችል ነበር እኮ!

የዚያን ቀን አብሬህ አልነበርኩም። ሰናይትን ወባ ይዟት ቤት ቀረሁ። ከሁሩታ ስንዴ ጭነህ ስትወርድ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለህ። ብኖርስ ምን አደርግልህ ነበር? ታኮ ለቆመች መኪና ነው፣ ለምትወርድ መኪና ምንም አያደርግም። ዕቃህን ሲያመጡልኝ ሰዓትህን፣ ኮትህንና ድንጋዩን አመጡልኝ። ድንጋዩ ደህና ነበር፣ ጫፉ እንኳ አልተፈነከተም። አዲሷ መኪና ብትኖር ኖሮ አንተ የዚያን ቀን እራት ላይ ትደርስ ነበር። የእኔና የአንተ ጠብ ይኸው ነው። ሌላ ጠብ የለንም።

ሰማንያ ቀንህ እንደወጣ፣ ጥቁሬን እንደለበስኩ ሄጄ አዘዝኩ። የመኪና መሸጫው ጸሐፊ ስምህን አይቶ «እኚህ ተራቸውን የሰጡት አይደሉም?» አለኝ። ናቸው፣ እሳቸው ሞቱ፣ እኔ ግን አልሰጥም አልኩት። እንዴት ያለ አፍ ነበረኝ! ወንድሜ ግርማ ይነዳል፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ እሸጣለሁ፣ እገዛለሁ። አንተ ከሄድክ ወዲህ በሰው መኪና እየጫንኩ ትርፉ ሁሉ ለባለመኪናው ነው። ይህች ተራ ካለፈችኝ ሌላ አላገኝም፤ ሰናይትንም ከትምህርት ቤት አውጥቼ ጉሊት አስቀምጣታለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ለተዝካርህ ይደልቡ የነበሩትን በሬዎች ሸጥኳቸው። የአንገት ሀብሌንም ጨመርኩበት።

ይህን የሰሙ ዕለት እህትህ እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፣ ገና ዛሬ የሞትክ ይመስል። በር ላይ ቆመው ሰፈሩ እስኪሰማ «ሥጋውን መኪና በላው፤ ነፍሱንም መኪና ይብላው ነው የምትይው?» አሉኝ።   እሳቸው ከሄዱ በኋላ የልብስ መዘፍዘፊያው ላይ ተቀምጬ፣ እውነታቸውን ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ። እዚያ ሆነህ የሰው ድግስ እያየህ፣ የኔ የታለ ብትልስ?

አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄድኩ። «ልጄ፣ ፍትሐቱ ተፈቷል። ተዝካር ነዳያን ሲጠግቡ ነው፣ ጎረቤት ጠጥቶ ሲጣላ አይደለም። ዳቦና ንፍሮ ይበቃዋል» አሉኝ። እፎይ ብዬ ገባሁ። እትዬ ስንዱ ግን ይህንንም ሰምተው «አባን ጋቢና አስቀምጥዎታለሁ ብላቸው ነው» ብለው አስወሩ። እፎይታዬ አንድ ቀንም አልሞላም።

ሊቀመንበሩስ ይቀራል? ኬላው አጠገብ አግኝቶኝ «ጓዲት አስካለ፣ የፊውዳል ድግሱን መተውሽ ጥሩ ነው። እየደላሽ ነው አሉ» ብሎ ሳቀ። ያችው ሳቅ ናት፣ አበራ።  በማግስቱ ምሳ ላይ፣ እንዳንተው፣ ጉርሻዬን አፌ ውስጥ ይዤ ቀረሁ። ቢወርሱትስ? ግርማ ቢጋጭስ? ሰው በዓይኑ ቢበላንስ? ሰናይት «እማዬ፣ ልክ እንደ አባዬ ሆንሽ እኮ» አለችኝ። ፍርሃትህን ለእኔ ትተኸው ሄደሃል። ሽንኩርት እየመዘንኩ ሳይቀር ያንተኑ ቃል እናገራለሁ።

አንድ ሰው አይዞሽ ይበለኝ ብዬ ዞር እላለሁ። ያ ሰው አንተ ነህ። እኔ ስንት አይዞህ ብዬሃለሁ! ከዚያ ሁሉ አንዷን ብትመልስልኝ ምን ነበረበት? ከእግዜር ጋር ምን ተነጋግራችሁ እንደሆነ አላውቅም፣ በሕልሜ እንኳ መጥተህ አላልከኝም።

ዛሬ ጠዋት ተሸነፍኩልህ። ተራዬን ለሌላ ስጡት ልላቸው ቴሌ ሄድኩ። ስሜን አስመዝግቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤ የምለውን በሆዴ እያጠናሁ፣ ያንተኑ ቃል፣ ለእኛ የሚሆን ነገር አይደለም። በመስኮቱ ወደ መንገዱ አያለሁ። ጎመን የጫነች አንዲት አሮጌ ፒካፕ ከማዶ ቆመችና ትንሽ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ሹፌሩ ጮኸ፤ የጮኸው ባይሰማኝም አፉን አይቼ አወቅሁት። አንዲት ልጅ እግር ሴት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ድንጋይ አቅፋ ዘለለች። ጎማው ሥር ወተፈች። ቀና ብላ ወደ ባሏ አየችና ሳቀች።

እንዴት እንደምትስቅ ብታያት! እኔም እንደዚያ እስቅ ነበር። ወጥቼ ልጮህባት፣ አንቺ ልጅ አትሳቂለት ልላት ተነሳሁ። እግሬ ሲነሳ ስሜ ተጠራ። የስልኩ ሳጥን ውስጥ ገባሁ። በዚያኛው ጫፍ ጸሐፊው ሃሎ፣ ሃሎ ይላል። የያዝኩት ቃል ከአፌ ሊወጣ አልቻለም። «አስካለ ነኝ፣ የናዝሬቷ፤ ነገ እመጣለሁ፣ ለማንም እንዳትሰጡብኝ» አልኩት። ሰውየው «ማን ሊሰጥብዎት ነው እትዬ?» አለኝ። ይኸው፣ አይዞሽ ያለኝ እሱ ብቻ ነው፣ እሱም ሳያውቀው።

አሁን ልብሴን አዘጋጅቼ ነው የምጽፍልህ። ፈርቻለሁ። ብፈራም እሄዳለሁ። ኦቦ ቶሎሳ በግ ላምጣልሽ ብለው ነበር፣ እምቢ አልኩ። መኪናዋ በሩን ካለፈች በኋላ ይገዛል። ቅዳሜ የመጀመሪያ ጭነቷ ያንተ ዳቦና ንፍሮ ነው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ነዳያን። እትዬ ስንዱ ጋቢና ይቀመጣሉ፤ እምቢ ካሉም አባ ይቀመጣሉ፣ ሐሜቱም እውነት ይሁንላቸው።

ግርማ ታኮውን እንጫነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጮኽኩበት። ምስኪን፣ ምን በደለኝ? ድንጋዩ የግቢውን በር ደግፎ ይዟል፣ እዚያው ይቆያል።

አልረሳህም። ትረሳኛለች ብለህ ሰግተህ ከሆነ አትስጋ። ሰው የሞተበትን በተዝካር ቀን ያስባል፤ እኔ ከሁሩታ ስንዴ ጭነን በወረድን ቁጥር አስብሃለሁ። ግርማ ፍሬኑን ሲረግጥ፣ መኪናዋም ስትቆምለት፣ ያኔ አስታውስሃለሁ፤ በያዘ ቁጥር።

ገና ያልታረቀችህ ሚስትህ፣
አስካለ