ሰባት ፓንኬክ በአንድ እንጀራ

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 31፣ 1989

ዝናብ። የሆቴሉን ቫን ይዤ ስድስት ጊዜ ኤርፖርት ደርሼ ተመለስኩ። አንዲት አሮጊት ሻንጣዋን እንዳላነሣላት ከለከለችኝ። አንተ ቁና ቁና ትተነፍሳለህ ብላ ራሷ ቫኑ ላይ ጫነችው። ሰማንያ ዓመት ይሆናታል።

ከሰዓት በኋላ ሐኪም ዘንድ፣ የሾፌርነት ሜዲካል ካርዴን ለማሳደስ። ክብደት 231 ፓውንድ። ግፊት 170 በ106። ሁለቴ ለካ፤ ሁለተኛው ባሰ። አልፈረመም። የሦስት ወር ጊዜያዊ ወረቀት ሰጠኝ። ሜይ 2 ስመለስ ከ160 በ90 በታች ካልሆነ ከመሪው እወርዳለሁ። ሆቴሉ ለወረደ ሾፌር ያለው ቦታ አንድ ነው... ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ። ጓደኛዬ ንዋይ የሚሠራው እዚያ ነው። ዝናብ ይዝነብ ፀሐይ ይውጣ የሚያውቀው እኔ ስነግረው ነው።

የሚያሳፍረው፣ አምና 195 ነበርኩ። በቆርቆሮ የሚሸጥ የቫኒላ ማክሰሻ ዱቄት አራት ወር ሙሉ በጥብጬ ጠጣሁ። ማኅበርተኛው ምን አለ? ይገዙ ታሟል። ሊጠይቁኝ መጡ። በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ድስት ይዘው መጡ። ወይዘሮ ገበያነሽ ብቻቸውን ሦስት ዶሮ። እስክድን ድረስ በላሁ። ይኸው ድኛለሁ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 2

ንዋይ መድኃኒት አገኘልኝ። ሰባት ቀን የጎመን ሾርባ ብቻ። በስምንተኛው ቀንስ? አልኩት። በስምንተኛው ቀን እንደ ሰው ትበላለህ፣ አለ።

የዱቄቱም ችግር ይኸው ነበር። ስምንተኛ ቀን አለው።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 6

ብሩክሄቨን ያለው ክሊኒክ ሄድኩ። የምግብ ባለሙያዋ ሚስስ ሃርፐር ትባላለች። ጠረጴዛዋ ላይ የፕላስቲክ ዶሮ፣ የፕላስቲክ አተር፣ የፕላስቲክ ፓንኬክ ተደርድሯል። የዱቄቱን ታሪክ አስጨርሳኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ሰባ ዓመት ሲሞላህም ይህን ልትጠጣ ነው?"

አይደለም አልኳት።

"እንግዲያው አትጀምረው። ሰባ ዓመት ሲሞላህም የምትበላውን ፈልግ።"

የበላሁትን ሁሉ የምጽፍበት ቅጽ ሰጠችኝ። ዝርዝሩ ውስጥ እንጀራ የለም። ፓንኬክ አለ። ክብ ነው፣ ከሊጥ ነው፣ መጥበሻ ላይ ይፈሳል። ምን ልዩነት አለው? ምሳ፦ ፓንኬክ 2። እራት፦ ፓንኬክ 3። አዲስ አበባ ጋዜጣ ቤት አሥራ አራት ዓመት አራሚ ነበርኩ። ቅጽ መሙላት አያቅተኝም።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 19

የሚካኤል ማኅበር ነበር፣ ኖርክሮስ፣ ወይዘሮ ገበያነሽ ቤት። ጉንጬን ይዘው አገላብጠው አዩኝ። አምና አስደንግጠኸን ነበር ልጄ፣ አሁን ሰው መሰልክ፣ አሉ። ግፊት እንዳለብኝ ነገርኳቸው። ግፊት ከንዴት ነው አሉና አጎረሱኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሙኝ። ሦስተኛው ስለ ሚካኤል። አራተኛው ስለ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ አፌ ሙሉ ነበር።

ቅጹ ላይ ጉርሻ የሚባል የለም። በእጄ ያልቆረስኩት እንዴት ይጻፋል? ባዶ ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 28

233። ሚስስ ሃርፐር ቅጹን ሁለቴ አገላበጠችው። በዚህ ወረቀት ከሆነ መክሳት ነበረብህ፣ አለች። ሁሉንም ጽፈሃል? ሁሉንም አልኩ... ከጉርሻው በቀር።

ሰኞ፣ ማርች 6

ሁዳዴ ገባ። ንዋይ ሃምሳ አምስት ቀን ነፃ ዳየት አገኘህ፣ ክሊኒክ ምን ያደርግልሃል? አለኝ። እውነቱን ነው። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም?

ሰኞ፣ ማርች 20

235።

በጾም የወፈርኩ የመጀመሪያው ክርስቲያን ሳልሆን አልቀርም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አልቀምስም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን... ፍሬንች ፍራይስ የጾም ነው። የኦቾሎኒ ቅቤ የጾም ነው። ሶዳ የጾም ነው። ሽሮው ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት የጾም ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ "ፓንኬክ 4"፤ የዋለ ሆድ ነዋ። አሜሪካ ሥጋና ወተት ሳታስነካ ሰው ማወፈር ትችላለች።

ስድስት ሳምንት ቀረኝ። ንዋይ ከጎኑ ያለው ሎከር ባዶ መሆኑን ነገረኝ። እኔ አልጠየቅኩትም።

ሐሙስ፣ ማርች 23

ሚስስ ሃርፐር ያን ፓንኬክህን እስቲ አምጣው ብላኝ ነበር። አንድ እንጀራ በፎይል ጠቅልዬ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ከስልኩ እስከ ካሌንደሩ ደረሰ። ከዚያ የፕላስቲክ ፓንኬኮቿን አንድ በአንድ ላዩ ላይ ደረደረች። ሰባት። ጠርዝ ጠርዙ ገና ክፍት ነበር።

"ስንቱን ነው በአንድ ጊዜ የምትበላው?"

ሦስት አልኩ። ሃያ አንድ ፓንኬክ፣ አለች፣ ለእራት። አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

አሥራ አራት ዓመት የሰው ስህተት እያረምኩ እንጀራ በላሁ። እንጀራውን ግን አላረምኩትም።

እንዳልበላው ትከለክለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልከለከለችም። ቁራሽ ቀመሰች፤ ይኮመጥጣል፣ ደስ ይላል አለች። ግማሽ እንጀራ በአንድ ማዕድ፣ በራስህ ሳህን፣ ምን ያህል እንደበላህ እንድታየው። የቀረው ጎመንና ምስር፣ ዘይቱን ቀንሰህ። እንደገና ጠየቀችኝ፤ ሰባ ዓመት ሲሞላህስ? ይህን እችላለሁ አልኳት።

ዓርብ፣ ማርች 24

የራሴን ሳህን አወጣሁ። የሺእመቤት ትልቁን ትሪ እንደ ወትሮው አቅርባለች። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ለብቻዬ የበላሁት ከቤት ውጭ ስሆን ብቻ ነው። ሳህኔን አየች። እኔን አየች።

"ተጣላን እንዴ ይገዙ?"

የሐኪም ትእዛዝ ነው አልኳት። ፓንኬኩን ነገርኳት፤ ታሪኩ ያስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀችም። አምና በቆርቆሮ ዱቄት ከማዕድ አባረርከኝ፣ ዘንድሮ በሳህን፣ አለች። ትሪውን አነሣች። እሷም ሳትበላ ተኛች።

ረቡዕ፣ ማርች 29

229። ስድስት ፓውንድ ወርዷል። ለማን ልንገር?

የሺ ከነርሲንግ ሆም ሥራዋ ትመጣለች፤ ወጥ ቤት ቆማ ትበላለች። ትሪው ፍሪጁ ላይ ወጥቷል። ንዋይ ለሽማግሌነት ራሱን አቀረበ። እሱ ሁለት ሚስት ፈትቷል።

ግፊት ከንዴት ነው ያሉት አሮጊት ምናልባት አልተሳሳቱም። ሳህኔን ይዤ ቴሌቪዥን ሳይ ልቤ ሲመታ ይሰማኛል። ካርዱን አገኘሁ እንበል። ሰባ ዓመት ሲሞላኝ ከማን ጋር ነው የምበላው?

እሑድ፣ ኤፕሪል 2

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የሺ ዶራቪል ካለው የኮሪያኖች ግሮሰሪ አቁም አለችኝ። ፓርክ አደረግኩ። ብቻዋን ገብታ ጠፍጣፋ ነገር በከረጢት ይዛ ወጣች። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም።

እራት ላይ ገባኝ። ትንሽ የብረት ትሪ። አንድ እንጀራ ብቻ ትይዛለች፤ ሁለተኛ ላድርግ ብትል ይንጠለጠላል። ጎመኑን በኔ በኩል ከመረችው። መሐል ላይ በጣቷ መስመር አሰመረች።

"ይኸው ግማሽህ። መስመሩን የተሻገርክ እንደሆነ እጅህን ነው የምለው።"

ክሊኒክ፣ ቅጽ፣ የፕላስቲክ ዶሮ... እኛ ለካ ስንበላ የኖርነው ትልቁን ትሪ ለመሙላት ነው።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 17

227። ሁለት ጊዜ መስመር ተሻግሬ ሁለት ጊዜ ተመታሁ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 30

ፋሲካ። ምርመራው ከነገ ወዲያ። ወይዘሮ ገበያነሽ ቤት ሄድን፤ አለመሄድ አይቻልም። በጉ አለ፣ ዶሮው አለ። ሴትዮዋ ገና ሲያዩኝ ፊታቸው ጠቆረ። ደግሞ ጀመረህ? አሉኝ። እንቁላሉን በእንጀራ ጠቅልለው ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ይዘው መጡ። ቤቱ ሁሉ ያያል። እምቢ ብል ነውር ነው። ብቀበል ደግሞ አራት ነው፤ አውቃቸዋለሁ።

አፌን ልከፍት ስል የሺ ከጎኔ ቀድማ ከፈተች። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"የሱን ለኔ ያጉርሱኝ እማማ። ሐኪም የፈረደው በሁለታችን ነው።"

ምን ያድርጉ? አጎረሷት። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እሷው ዋጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከጉርሻው ትልቀት ይሁን ከሳቅ እንጃ። መኪና ውስጥ ቀበቶዋን አላላችና ያንተ ካርድ ይገድለኛል፣ አለች።

ማክሰኞ፣ ሜይ 2

225። 152 በ88። ሐኪሙ ሁለቴ ለካ፤ ሁለተኛው ተሻለ። ፈረመ።

ምን ወሰድክ? አለኝ። ነገርኩት። ትሪ የሚለውን የመድኃኒት ስም መስሎት ሊጽፈው ነበር።

እሑድ፣ ጁን 18

214። ታምሜአለሁ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ገበያነሽ፣ በሁለት እጃቸው ድስት። ልጄ አትደብቀኝ፣ ምንድን ነው ያገኘህ? አሉ።

አምና ቢሆን ድስቱን ተቀብዬ እተኛላቸው ነበር። ዛሬ የሺ ትንሿን ትሪ አቀረበችና ለሦስት ከበብናት። አሮጊቷ ትሪዋን አዩ። ይቺ የሕፃን ናት? አሉ። መስመሩን አሳየቻቸው። እንጀራውን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። ከድርሻቸው በሉ፤ መስመሩን አንድ ጊዜ ሊሻገሩ ሲሉ የሺ ጉሮሮዋን ጠረገች። እጃቸውን መለሱ።

ሲሄዱ በር ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሐኪሙ ስኳር አለብሽ ብሏቸዋል፤ ሁለት ዓመት ሆኗቸው። ለማንም አልተናገሩም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያወራ በድስት ይጠየቃላ።

"ትሪዋን ከየት ነው የገዛሽው?" አሏት።

ድስቱን ይዘው ተመለሱ። ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም።