አውቶቡስ ላይ ስላሳፈራችሁት ሟች

ለክቡር ኦቦ ነገሳ፣ የ«ሰንበሌጥ» ሥዕላዊ ፊልም ማኅበር ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ዓይንዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልን፤ የፈለገውን ብቻ የሚያይ ዓይን በቀላሉ አይገኝምና። እኔ ወይዘሮ ብርቅዬ፣ የሰበታ ነዋሪ፣ ደኅና ነኝ ብዬ አልዋሽዎትም።

«ሁለቱ የሰበታ ወፎች» የተባለውን በሥዕል የተሠራ የፍቅር ፊልማችሁን በከተማችን አዳራሽ ባሳያችሁበት ዕለት፣ ተመልካቹ ጠንካራና ደካማ ጎኑን በጽሑፍ እንዲያቀርብ በትሕትና ጠይቀው ነበር። እኔ በቃል ልናገር እጄን ባወጣ ጊዜ፣ ማይክሮፎኑን ከፊቴ አስመልሰው «እማማ፣ ፊልም እኮ ነው፤ ሕዝቡ ተዝናንቶ ይውጣ እንጂ» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ በልጄ በዕድላዊት አስተማሪነት ስለሆነ እጄ ይዘገያል፤ ትእዛዝዎን ግን እነሆ እየፈጸምኩ ነው።

ጠንካራ ጎን።

ሥዕሉ ነው። ሠዓሊ ልጆቻችሁ ኮምፒውተራቸውን ይዘው ቤቴ መጥተው፣ ዕድላዊት ስለ እጮኛዋ ስለ ሶያማ ስታወራላቸው ውለው ነበር። በግራ እጁ ጢሙን ሲዳብስ፣ ሲስቅ አንገቱን ሰበር ሲያደርግ፣ ጫማውን ደጅ አራግፎ ሲገባ፣ ራሱ ነው። ልጄ በጨለማው ውስጥ እጇን ወደ ሸራው ስትዘረጋ አይቻለሁ። የሞተን ሰው እንዲህ አሳምሮ የሚሥል ማኅበር ስላለን ልንኮራ ይገባል። ቀለሙም ግሩም ነው፤ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚወርድበትን ወንዛችንን ሰማያዊ ስላደረጋችሁልን ከብቶቻችንም ያመሰግናሉ።

ደካማ ጎን።

፩. እኔን ከመጥረጊያ ጋር ብቻ ሥላችሁኛል፤ ይሁን። ነገር ግን ሶያማ ከደቡብ የመጣ ጴንጤ፣ እኛ ኦርቶዶክስ በመሆናችን ሽማግሌዎች ተመላልሰው፣ ብዙ ክርክር ተደርጎ ቀን የተቆረጠበትን ጉዳይ እናንተ በአንድ ዘፈን ጨርሳችሁታል። እንዲህ ቀላል መሆኑን ሳናውቅ በከንቱ ደከምን።

፪. በፊልማችሁ መጨረሻ ሶያማ ሱሉልታ ላይ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ በመስኮት እጁን እያውለበለበ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሄዳል፤ ልጅቱም ፈገግ ብላ ትቀራለች። ክቡር ሆይ፣ ሶያማ የትም አልሄደም። እዚያው ሱሉልታ፣ ለሕንፃ መሠረት በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ሲሠራ፣ ዝናብ ያራሰው አፈር ተንዶበት ሞተ። ግድግዳው በእንጨት ይደገፍ ብሎ ነበር፤ ተቋራጩ ውረድ አሉት፣ ወረደ። ልጄ ይህንንም ለልጆቻችሁ ሳትደብቅ ነግራቸዋለች።

፫. ፊልሙ ሲጀምር በትልቁ የተጻፈውን ምስጋና ቀስ ብዬ አነበብኩት፤ የእኚሁ ተቋራጭ ስም ነው። ማንበብ ባልማር ኖሮ በሙዚቃው ተደስቼ እወጣ ነበር።

፬. ይህኛው ይረዝማል፣ ይታገሡኝ። ሶያማ ተከራይ ነበርና የሰፈሩ እድር አባል አልነበረም፤ ሠርጉም ስላልደረሰ በእኔ ስም አልተመዘገበም። ወንድሞቹ አስከሬኑን ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ አገሩ ወሰዱት። እዚህ ጡሩምባ አልተነፋለትም፣ ለቀስተኛም አልመጣለትም። በእኛ ሰፈር ለቅሶ ያልተቀመጡለት ሰው መሞቱን ማን ያምናል? ከፊሉ ሞተ፣ ከፊሉ ጥሏት ጠፋ ሲል ከረመ፤ በመጨረሻ እናንተ መጥታችሁ ፈረዳችሁ። ከአዳራሹ ስንወጣ ጎረቤቴ ውባንቺ ልጄን አቅፋ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ወንድ ነው፣ ዞሮ ዞሮ ይመጣል፤ እጁን ሲያውለበልብልሽ አላየሽም?» አለቻት። ዕድላዊት መውለጃዋ ደርሷል። የሚወለደው ሕፃን አባቱ የሞተበት እንጂ አባቱ የካደው አይደለም። መንደሩ ግን ከወዲሁ ስም አውጥቶለታል፤ የክርስትና አባቱም ማኅበራችሁ ነው።

ስለዚህ ያንን አውቶቡስ እንድታወጡልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። ጉድጓዱን መሣል የሚያሳፍር ከሆነ፣ ፊልሙ ሶያማ ጠዋት ለሥራ ሲወጣ ይቁምና «ሶያማ በሥራ ላይ ሞተ» ተብሎ ይጻፍበት። እኔ እንኳ የምችላት አጭር ጽሑፍ ናት።

ይህ ካልሆነ፣ እሑድ ቡራዩ ላይ ፊልሙ ሲታይ ከዘመዶቼና እሺ ካሉኝ ጎረቤቶቼ ጋር በአዳራሹ ደጅ ለቅሶ እንቀመጣለን። ዕድላዊት ጥቁሯን ለብሳ ከመካከላችን ትሆናለች። ተመልካቾቻችሁም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ወደ ፍቅሩ ይገባሉ።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘች፣ ለሶያማም ጥቂት ተርፎት ቢሆን ኖሮ የምትል፣ ታዛዥዎና አክባሪዎ፣
ወይዘሮ ብርቅዬ፣ ከሰበታ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለተቋራጩም ወንበር ይዘንላቸዋል፤ ከእርስዎ ጋር ቢመጡ ደስ ይለናል። ሶያማ ሲሞት የት ነበሩ ብሎ የሚያስቸግራቸው አይኖርም፤ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።