ሳይናወጥ የቆመው ሊፍት

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ባለፈው ክረምትም ልጽፍልህ ጀምሬ ነበር፤ ሦስት መስመር እንደሄድኩ የምነግርህ ሁሉ ለቅሶ ብቻ ሆነብኝና ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩት። ዛሬ ግን የሥራ ወሬ ይዤልሃለሁ። አንተ ደግሞ የሥራ ወሬ ከተነሳ ምሳህንም ትረሳ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ቤት። በረንዳው ላይ የደረደርካቸውን የተቃጠሉ ሞተሮች እማዬ አላስነካ ብላለች። አንድ ጎረቤት ለቁራሌው እንድትሸጣቸው ቢመክራት፣ "ባለቤታቸው ሳይፈቅድ?" አለችው። የጓሮው አቮካዶ ዘንድሮ ፍሬ በዝቶበት አንድ ቅርንጫፉ ተገነጠለ። የመሣሪያ ሳጥንህ እኔ ጋ ነው። ፒንሳዎቹ ላይ የጠመጠምከውን ናስትሮ አልቀየርኩትም።

አሁን ወደ ሊፍቱ ልምጣ። የወይዘሮ ዘቢባ ሕንፃ ሊፍት ማለቴ ነው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንተ እጅ ሲሠራ የኖረው። ሞተሩ የሚያውቀው ሁለት ፍጥነት ብቻ ስለነበር ሲነሳ ሰውን ያናውጣል፤ ሲቆም ፍሬኑ በአንዴ ይነክስና ጉልበት ያብረከርካል። አራተኛ ፎቅ ወዳለው ክሊኒክ የሚሄዱ ነፍሰ ጡሮች ሊፍቱን ትተው ደረጃውን ሲወጡ ታያቸው ነበር። ከጣሪያው ሥር ወዳለው ሞተር ክፍል ወጥተህ የፍሬኑን ሸራ ትፈትሻለህ። ቅር እንደሚልህ አውቅ ነበር።

ለዚህ ነው ኢንቨርተር እንግጠምለት ያልኩህ። ያኔ ከሐዋሳ ተምሬ መመለሴ ነው፤ አፌ አያርፍም። ወደ ሞተሩ የሚገባውን ኤሌክትሪክ እየለዋወጠ ፍጥነቱን ከዝግታ የሚያስነሳ፣ ፎቁ ሲቃረብም ቀስ አድርጎ የሚያበርድ ሳጥን እንደሆነ ወይዘሮ ዘቢባ ፊት አስረዳሁ። አንተ ግን፣ "ሠላሳ ዓመት ሞተር በእጄ ዳብሼ፣ በጆሮዬ ሰምቼ ነው የሠራሁት። ሳጥን አያስተምረኝም" አልክ። እኔም አላለፍኩትም። "ጆሮህ ካስተካከለው ሰዉ ለምን በደረጃ ይሄዳል?" አልኩህ፤ ያውም በሰው ፊት። ከዚያ በኋላ ወር ያህል በመካከላችን ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልነበረም።

ከዚያ ልብህ ታመመ። ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዓይንህን ጣሪያው ላይ ተክለህ፣ "ያ ሳጥንሽ መብራት ሲጠፋ ምን ያደርጋል?" አልከኝ። ክርክሩን ልትቀጥል መሰለኝ። "አሁን እረፍ አባዬ፣ ረጅም ነው" ብዬ ትራስህን አስተካከልኩ። በሦስተኛው ቀን አጣሁህ። ክርክር እንዳልነበረ የገባኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። ለማወቅ ነበር የጠየቅከኝ፤ ልጅህን ስለ ሥራ ጠየቅካት፣ እሷም ሳትመልስልህ ቀረች።

እንግዲህ መልሱ ይኸው። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑ ምንም አያደርግም፤ እሱም አብሮ ይጠፋል። ሰዉን የሚይዘው ያው አንተ የምታውቀው ፍሬን ነው። ፍሬኑን ከፍቶ የሚያቆየው ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ኤሌክትሪኩ ሲሄድ በሙሉ ኃይሉ ይዘጋል፤ ሊፍቱም ባለበት ይቆማል። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ሳጥኑ እንደገና ከዝግታ ይጀምራል። አየህ አባዬ፣ ረጅም አልነበረም።

ወይዘሮ ዘቢባ በመጨረሻ እሺ ያሉት ዘንድሮ ነው። "አባትሽ ቢኖር ምን ይል ነበር?" ብለው ጠየቁኝ። "ይቆጣ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ሊያይ ይመጣ ነበር" አልኳቸው። ሳቁና ሥራውን ሰጡኝ።

የመጀመሪያው ሙከራ አላማረም። አሸዋ የሞላባቸው ጆንያዎች ጭኜ ከሁለተኛ ፎቅ ወደ ላይ ስልከው፣ ሊፍቱ ስንዝር ያህል ወደ ታች ከሸሸ በኋላ ነው መውጣት የጀመረው። ደግነቱ ሰው አልነበረበትም። ወይዘሮ ዘቢባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ "ዕቃው ነው ብልሹው?" አሉኝ። አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር!

ያን ጊዜ ሬኮ ወዳለው የቡና ማጠቢያ ይዘኸኝ የሄድክበት የቡና ወቅት ትዝ አለኝ። አሥር ዓመቴ ነበር። የቡና መፈልፈያውን ሞተር ሽቦ አሳስተህ አስረህ ተቃጠለ። ቀይ ቡናው ተከምሯል፤ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ያይሃል። የማጠቢያው ኃላፊ መብራቱን ሲራገም፣ "መብራቱ አይደለም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልከው። እኔ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። አንተ ግን እጅጌህን ሰብስበህ ሞተሩን መፍታት ጀመርክ።

"ዕቃው ደህና ነው" አልኳቸው ወይዘሮ ዘቢባን። "ሳጥኑ ላይ የሞላሁት ቁጥር ነው የተሳሳተው። ሞተሩ ሸክሙን ሳይይዝ ፍሬኑ ቀድሞ ለቀቀ። ጥፋቱ የእኔ ነው።" እሳቸውም፣ "በይ እንግዲያ አስተካክዪው" ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ቁጥሩን አስተካክዬ እስክጨርስም አልተነሱም። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ በጭነትም በባዶም አመላለስኩት፤ ዳግመኛ አልሸሸም። የሳጥኑ ቁጥሮች ሁሉ ልክ ቢሆኑም፣ በመጨረሻ እጄን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ። አንድ ቀጭን ንዝረት መዳፌ ላይ መጣ፤ የላላ ብሎን ነበር፤ አጠበቅኩት። ይኼን ሳጥኑ አይነግረኝም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ እማዬን ለጉልበቷ ወደ ክሊኒኩ ወሰድኳት። የድሮውን ሊፍት ስለምታውቀው ክንዴን ጨምድዳ፣ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች። በሩ ሲዘጋ ዓይኗን ጨፈነች። አራተኛ ፎቅ ደርሰን በሩ ተከፈተ፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

"መቼ ነው የሚነሳው?" አለችኝ።

"ደርሰናል እማዬ።"

ዓይኗን ገልጣ ኮሪደሩን፣ ነርሷን፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። "አባትሽ ይኼን ሳያይ!" አለች። አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሐኪሙ ጋ ጨርሰን ስንመለስ ደረጃውን እንኳ ዞር ብላ አላየችውም።

አባዬ፣ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሞተር ክፍሉን ለመፈተሽ እወጣለሁ። ሥራዬን ጨርሼ በሩን ከመቆለፌ በፊት ስምህን እጠራለሁ። ሞተሩ እየሠራ ስለሆነ ማንም አይሰማኝም፤ ስለዚህ ድምፄን ሳልቀንስ እጠራሃለሁ። ደረጃውን መውጣት እስከቻልኩ ድረስ አንዱንም ቅዳሜ አላሳልፍም።

ልጅህ ሰላማዊት
ዲላ