ፈተናው ግን አድማ አልመታም

ጎንደር፣ ግንቦት 6 ቀን

ለታችኛው አልጋዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ድብ ባሕርስ እንዴት ናት? እናትሽ፣ በሬዎቻችሁ፣ ያ እኔን ባየ ቁጥር የሚያጉረመርመው ውሻችሁ፣ ሁሉም እንደምን አሉ? አባትሽን አያ አዘዘን ጉልበታቸውን ስመሽ ሰላም በይልኝ። ወደ ታች ስለ እሳቸው የምለው ስላለኝ ጉልበታቸውን አስቀድሞ መሳም ይሻላል። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ስልክሽ አልሠራ ቢለኝ ይህን በአክስትሽ እጅ ልኬዋለሁ።

መምህራኑ ሥራ ካቆሙ ዛሬ ሠላሳ ስምንተኛ ቀናቸው ነው። ቤተ መጻሕፍቱም ተከትሏቸው ተዘግቷል። በሥራ ገበታው ላይ የተገኘው የግቢው ሽሮ ብቻ ነው፤ ከሁሉም አድማ መምታት የሚገባው እሱ ነበር። አንቺን አያ አዘዘ «መምህር ሲመለስ ትመለሻለሽ» ብለው እቤት አስቀርተውሻል። ያልሰሙት ነገር ግን አለ፤ መምህራኑ አድማ መቱ እንጂ የመውጫ ፈተናው አልመታም። ምዝገባው ግንቦት 15 ይዘጋል። በአካል ቀርቦ ያልፈረመ አይፈተንም፤ ያልተፈተነ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ጎንደርን ሲጎበኝ ነበር ማለት ነው።

ያለ መምህር ምን ትሠራላችሁ ትዪ ይሆናል። መጀመሪያ የሠራነው መኝታ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የስታቲስቲክሱን መምህር አላምረውን ፒያሳ ሻይ ሲጠጡ አገኘናቸውና ደብተራችንን ይዘን ከበብናቸው። እሳቸውም በታላቅ ክብር «አድማ ላይ ነኝ፤ ተማሪ አላስተምርም» አሉን። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ለስኳሩ ባወራ ግን የሚከለክለኝ ደንብ የለም» ብለው ወደ ስኳሩ ዕቃ ዞሩ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ስኳሩ ከሁላችንም የተሻለ ኢኮኖሚስት ሆነ። ሲነሡ እጃቸው ላይ የሌለውን ጠመኔ አራገፉ። አንጀቴን በሉት።

ከዚያ መዝሙር፣ እኛ ክፍል ሳይገባ ሰባት ዓመት የአብነት ተማሪ የነበረው መዝሙር፣ አንድ ነገር አለ። «የኔታ ሲታመሙ ተማሪው ይበተናል እንዴ? ነባሩ አዲሱን ያስቀጽላል እንጂ!» አስቀጻዩ ይላል፣ ሌላው እየተከተለ ይላል፣ በቃል እስኪያዝ ድረስ። እኛም ወዲያው ተሿሿምን። ያስሚን አባቷን ለምና የሱቃቸውን መጋዘን አስከፈተችልን፤ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጠን እንቀጽላለን። ከዕውቀቱ ባይደርሰን ከሽታው ደርሶናል። ሰኞ ያስሚን ናት፣ ረቡዕ መዝሙር። ሐሙስ ያንቺ ነው። ካርቶንሽ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ከፍራሽሽ ሥር የተውሽውን ደብተር ይዤ በስምሽ የማስቀጽለው እኔ ነኝ።

ደብተሩን በገለጥኩ ቁጥር የኮሶዬው ቀን ይመጣብኛል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ከናንተ ቤት ስንመለስ መኪናው ኮሶዬ ላይ ተበላሽቶ፣ ባንድ ጋቢ ተጠቅልለን፣ ብርዱ ጥርሳችንን ሲያንገጫግጨው። የእናትሽን ቆሎ አውጥተሽ እፍኝ ዘገንሽና «ይቺ ናሙና ናት፤ ካንዲት እፍኝ የጆንያውን ነገር ማወቅ ይቻላል» አልሽኝ። እኔ ናሙናዋን ቃምኳት። «ምነው! ዳታውን ፈጀሽው እኮ!» ብለሽ ጮኽሽ፤ ሹፌሩ ሳይቀር ከመኪናው ሥር ሆኖ ሳቀ። ያን ቀን መምህር አልነበረንም። እኔ ግን በዚህ ግቢ ከተማርኩት ሁሉ እስካሁን ያልጠፋኝ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሐሙስ ዕለት የደብተርሽን ዐሥራ ሁለተኛ ገጽ አስቀጽል ነበር። «አማካይ ማለት የቁጥሮች ድምር ለብዛታቸው ሲካፈል ነው» አልኩ፤ ተከተሉኝ። ሳላቋርጥ ቀጠልኩ፤ «ጫማው ሲጮኽ ልቤ ቀጥ ይላል» አልኩ። ያስሚንም በዜማ «ጫማው ሲጮኽ ልቤ ቀጥ ይላል» አለች። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የጻፍሽው ነበር። መዝሙር ጎንበስ ብሎ ያን ሶሉ ተላቆ ሲራመድ የሚጮኸውን የግራ ጫማውን ያያል። ያስሚን ሳቋን በሻሿ አፈነችው። ጉድሽን በኅብረት ዜማ አስቀጸልኩልሽ፤ ይቅር በዪኝ።

ስንወጣ የያስሚን አባት ጫማውን አይተው ማስቲሽ ቢሰጡት «ግድ የለም፣ ይጩኽ» አላቸው። መንገድ ላይ ደግሞ ሰማይ ሰማይ እያየ «የደብተሩ ዳታ የስንት ዓመት ነው? ጊዜው አልፎበት እንዳይሆን» አለኝ። ባለቤቷ መጥታ ታረጋግጥልህ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ቀድሞ ይመጣል። ባዶው ካርቶን አጠገብ ይቀመጣል።

አያ አዘዘን እንዲህ ብለሽ ጠይቂልኝ፤ ልጅ ሳሉ ዳዊት የደገሙት ከየኔታ አፍ ብቻ ነው ወይስ ነባር ተማሪ አስቀጽሏቸው? እውነተኛ ሰው ናቸው፣ አይዋሹም። መልሱን እንደሰጡሽ ቦርሳሽን አንሺ። በሶውን እንዳትረሺ።

ያን መስመር ስል ለምን እንዳላቆምኩ ትጠይቂኝ ይሆናል። የያስሚን አባትም ጠይቀውኛል። ደብተሩን ደጋግሜ ስላነበብኩት ዓይኔ ከላዩ አልነበረም። በቃሌ የማውቀው ነገር መሰለኝ፤ የራሴ መሰለኝ። ይቺን እንደ ናሙና ያዣትና ጆንያውን አትፍቺው።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ የድብ ባሕር ዝናብ እስክትሳፈሪ ድረስ ይታገሥልሽ፤ እጅሽ ከመዝገቡ ላይ በሰላም ያርፍ። አልጋሽን አንጥፌዋለሁ። ሐሙስ ደብተሩን ላንቺ አስረክቤ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ ከዚያም ቢሆን ጫማው ይሰማል።

የላይኛው አልጋሽ