የማይደርቅ ቁስልና አምስት ፊርማ

ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለቁልቋል ሜዳ ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ለተከበሩ አቶ ምንያህል
የካ ክፍለ ከተማ

ጉዳዩ፦ ወደ ቁስል ጥናት የምላክበት የሪፈር ወረቀት እንዲፈረምልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ሾላ ገበያ ቅመም እሸጣለሁ። ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያለው ቁስል ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። ቆሜ የምውለው በዚሁ እግር ነው።

1. የቆዳ ሐኪሟ ዶክተር ርሆቦት ደሜን መርምረው «ፕሮቲን ሲ» የሚባለው እንደሚያንሰኝ ነገሩኝ። በሁላችንም ደም ውስጥ ያለ፣ ደም ያለ ቦታው እንዳይረጋ የሚጠብቅ ነው። ሥራው እዚያ አያበቃም፤ የቁስልን ብግነት ያበርዳል፣ አዲስ ቆዳ ከጠርዙ ተነሥቶ እንዲዘጋው ያግዛል። እሳቸው በያዙት ጥናት ይኸው ፕሮቲን ቁስሉ ላይ በጠብታ ይደረጋል። እንሞክር አሉኝ እንጂ ትድኛለሽ ብለው አልማሉልኝም። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ የጎደለኝ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።

2. እርስዎ ግን ነገሩን ለኮሚቴ መሩት። ንብረት ክፍሉና ሾፌሩም አባል ናቸው ሲባል አላመንኩም ነበር፤ ውሳኔውን ሳነብ አመንኩ። «ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ቁስል ስለሚያደማ አልተፈቀደም» ይላል። አምስት ፊርማ አለበት። ማኅተሙ አልተንጋደደም፤ ለዚህ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ከአምስቱ ፋሻዬን የፈታ ግን የለም። እርስዎም አፍንጫዎን በመሐረብ ይዘው ከጠረጴዛው ማዶ «እማማ፣ እኔም እኮ ባዮሎጂ ተምሬያለሁ» አሉኝ። በትምህርትዎ አልቀናሁም። «እማማ» ላሉኝ ግን፣ በዕድሜ ብበልጥዎም በአራት ዓመት ነው።

3. ጸሐፊዎ በር ላይ «ጠበል ብትሞክሪስ» አለችኝ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሄጃለሁ፤ ኮሚቴ አላስፈለገኝም። እዚያ ያሉት አባት ፋሻውን አስፈትተው ጎንበስ ብለው አዩና «ጠበሉንም ያዢ፣ ሐኪሙንም አትተዪ» አሉኝ። ባዮሎጂ መማራቸውን አልጠየቅኳቸውም።

4. ባለቤትዎ ወ/ሮ እየሩስም ቅዳሜ ቅዳሜ ኮረሪማ የሚገዙት ከእኔ ነው። ቁስሉን አይተው «ኧረ ሥርጉት፣ ይሄን የሚያይ ሐኪም ጠፋ?» ብለውኛል። ከቤትዎ ቁስሌን ያየው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ወረቀቱ ማን ጠረጴዛ ላይ እንደቆመ ግን አልነገርኳቸውም።

ስለዚህ እስከ ሐሙስ ማታ ሪፈሩን እንዲፈርሙልኝ፣ አለዚያም ማንንም ሳይሰበስቡ እምቢታውን በእጅዎ ጽፈው እንዲሰጡኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ዓርብ ምዝገባው ይዘጋል፤ ቅዳሜ ወ/ሮ እየሩስ ይመጣሉ። «እግርሽ ምን ላይ ደረሰ?» ማለታቸው አይቀርም። እኔ ደግሞ ደንበኛ ጠይቆኝ ዋሽቼ አላውቅም።

ከሚገባዎ ሰላምታ ጋር

ሥርጉት ዓለሙ
(ፊርማ)