የከፋዩ መጋረጃ ከወረደ ወዲህ

ግርማዬ፣

አንተን ከሸኘን ሦስተኛው ብርድ ገባ። ክረምት አላልኩም፤ ሐምሌና ነሐሴን ያየ ሰው የለንደንን ኅዳር ክረምት ብሎ መጥራት አይሆንለትም። በዚህ ግትርነቴ ትስቅብኝ እንደነበር አልረሳሁም።

እኔ ደህና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን የጤናዬን ነገር ለማውራት አይደለም። ሳሎናችን ሞቀ። አውቃለሁ፣ አታምነኝም።

ነገሩ ከመጀመሪያው ይኸውልህ። አምና በብርዱ ወራት ደረቴን አሞኝ ሆስፒታል ተኛሁ። ስወጣ ልጃችን ሰናይት ወደ ቤት ይዛኝ ገባች። ሳሎኑ መሃል ቆማ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ፣ «እማዬ፣ ይሄ እኮ ቤት አይደለም፣ ፍሪጅ ነው! ኤድመንተን እኔ ጋ ትመጫለሽ፤ ፊኒሽ!» አለችኝ። ከከተማው ዳር ባለው ቤቷ ትርፍ ክፍል አላት፤ አልጋውንም ገዝታ አዘጋጅታ ነበር። ደግነቷን አላጣሁትም። ነገር ግን አንተ አንድ ቀን እንኳ ባልተቀመጥክበት ቤት እንዴት ብዬ ልኑር? እዚህ ሆሎዌይ የገባነው በጉልምስናችን ነው። ይህን ቤት ስለቅ አንተን ሁለተኛ ጊዜ የምቀብርህ መሰለኝ። ስለዚህ ለመንኳት። በመጨረሻ፣ «እሺ፣ እስከሚቀጥለው ዊንተር ቤቱ ከሞቀ ትቆያለሽ፤ ካልሞቀ ግን አልሰማሽም» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ።

ያ ከፋይ መጋረጃ ትዝ ይልሃል? እንዴት አይልህ! ጨርቁን ከብሪክስተን ገበያ ገዝተህ፣ ጠቅልለህ በትከሻህ ተሸክመህ፣ በአውቶቡሱ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየህ አመጣኸው። ቀለሙ የወይን ጠጅ ነበር። እኔ እስከ መስኮቱ ግርጌ ልቁረጠው ብል አንተ በፍጹም አልሰማ አልክ። የአባትህ ቤት እንግዳ መቀበያ መጋረጃው መሬት ይነካ ነበርና፣ «መጋረጃ ሲያጥር ሱሪው ያጠረበት ሰው ይመስላል» ብለህ አሳቅኸኝ። እኔ ቅምቅማቱን በመኪና ሰፋሁ፤ አንተ ማንጠልጠያዎቹን በእጅህ ሰፋህ። ስፌትህ እንደ ሰካራም አካሄድ ጠማማ ነበር። ፈትቼ ላስተካክለው ስንት ጊዜ አስቤ ተውኩት።

እንዲያም ሆኖ ብርዱ አልቀረልንም። አንተ ማሞቂያውን ትጨምራለህ፤ እኔ ሹራብ እደርባለሁ። ከዚያ ሁሉ ዘመን ሳሎናችን በደንብ የሞቀበትን ጊዜ ሳስብ ትዝ የሚለኝ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ያለው ወቅት ብቻ ነው። ያን ጊዜ የሰፈሩ አበሻ ሁሉ ለወሬ የሚሰበሰበው እኛ ቤት ነበር። ወንበር ጠፍቶ ምንጣፉ ላይ ይቀመጡ ነበር። ግማሹ ይጮሃል፣ ግማሹ ስልክ ይዞ ከአገር ቤት ዘመዱን «አለህ ወይ?» ይላል። አንተ መሃል ገብተህ፣ «ጎበዝ፣ በየተራ! ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብናል» ትላለህ። የሰው ትንፋሽ መስታወቱን አላብቶት እኔ በፎጣ እጠርግ ነበር። ጭንቀት ቢሆንም ደስ የሚል ሙቀት ነበረው። ከዚያ ሰዉ በየፊናው ሲበተን፣ አንዳንዱም ከሌላው ሲኳረፍ፣ ቤቱ ተመልሶ በረደ።

ምስጢሩን ያወቀችው ሰናይት ናት። አንድ እሑድ የወደቀ ጉትቻዋን ስትፈልግ እጇን ከመጋረጃው ጀርባ ሰደደች። ወዲያው ቀና ብላ፣ «እማዬ፣ ራዲያተሩ ብርድ ይዞት ነው እንዴ ያለበስሽው?» አለችኝ። እኔም እጄን ሰደድኩ። ከጀርባው እሳት ነው፤ ከፊቱ በረዶ። ማሞቂያው ራዲያተር ከመስኮቱ በታች፣ ከመጋረጃው ጀርባ ነው፤ የአባትህ ቤት ደግሞ ራዲያተር አልነበረውም። ያን ሁሉ ዘመን ስናሞቅ የኖርነው መስታወቱንና የሆሎዌይን መንገድ ነው! ሰናይት ከሄደች በኋላ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ቀጥሎም ለማን እንደምነግረው ግራ ገባኝ።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ አስጨነቀኝ። ከዚህ ቤት እንዳልወጣ መጋረጃው መውረድ ነበረበት፤ መጋረጃው ደግሞ የእጅህ ሥራ ነው። ብዙ ቀን ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አየሁት። መጨረሻ ላይ ራሴ ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። (ለሰናይት አልነገርኳትም፤ ወንበር ላይ መውጣት ከልክላኛለች።) አጥቤ፣ ተኩሼ አልጋችን ላይ አልብሼዋለሁ። ጠማማው ስፌትህ በራስጌ በኩል ነው።

በምትኩ የተሰቀለው ከፍና ዝቅ የሚል የመስኮት መሸፈኛ ነው፤ ብላይንድ ይባላል። ተራው ዓይነት አይደለም። ከጎኑ ሲያዩት እንደ ማር እንጀራ ክፍልፋይ አለው፤ በየክፍሉ ውስጥ አየር ይታሰራል፤ ብርዱ ያን አየር አልፎ አይገባም፣ ሙቀቱም አልፎ አይወጣም። ጋቢ አራት ድርብ የሚሆነው በከንቱ አይደለም፤ በድርቡ መካከል ያለው አየር ነው የሚያሞቀን። ብላይንዱ ከመስኮቱ ክፈፍ ውስጥ ገጥሞ እዚያው ስለሚያበቃ ራዲያተሩ አሁን የሚያሞቀው እኔን ነው። ከመንገዱ የሚመጣውም ጩኸት ጥቂት ቀንሷል። በበጋ ፀሐይ ሲበረታም ዝቅ ሳደርገው ቤቱ አይግልም። እንከንም አለው፤ ጠዋት ከፍ ሳደርገው መስታወቱ ላይ ውሃ አገኛለሁ፤ እጠርገዋለሁ፣ መስኮቱንም ጥቂት ከፍቼ አናፍሳለሁ።

ሊገጥም የመጣው ኑሪ የሚባል የወሎ ልጅ ነው። ሲለካ ቆሜ አየሁት፤ እንደጨረሰ ሜትሩን ተቀብዬ ከላይም፣ ከመሃልም፣ ከታችም ደግሜ ለካሁ። በልጅነቴ የስፌት መምህራችን አንድ ቦታ ብቻ ለክታ የመጣችን ልጅ ጥግ ታቆም ነበር። ኑሪ ስቆ፣ «እማማ፣ እኔን ነው ሜትሬን ያላመኑት?» አለኝ። «ሁለታችሁንም» አልኩት። ልኬቱ ትክክል ነበር። ሻይ አጠጥቼ መርቄ ሸኘሁት።

ባለፈው እሑድ ሰናይት ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣች። ውጭው የሚቆርጥ ብርድ ነበር። እኔ ዳቦ እየቆረጥኩ በዓይኔ ብቻ ተከተልኳት። ካፖርቷን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለች። ትንሽ ቆይታ ሹራቧን። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። በዚህ ቤት አሳድገናት፣ ባዶ እግሯን ስትተኛ ያየኋት ያን ቀን ነው። ስትነቃ ሰዓቷን አይታ ደነገጠች፤ ከበሩ ላይ ሆና ብቻ፣ «ያቺን ትርፍ ክፍል እንግዲህ ቢሮ ላድርጋት መሰለኝ» አለችኝና ጉንጬን ስማ ወጣች።

ግርማዬ፣ እንግዲህ እዚሁ ነኝ። ሲመሽ ብላይንዱን ዝቅ አድርጌ የዕለቱን ወሬ እነግርሃለሁ፤ ስትሳሳት እንደ ድሮው አርምሃለሁ። እስከ መጨረሻዬ እንዲሁ አስታውስሃለሁ። በሰው ቤት፣ የልጄም ቤት ቢሆን፣ ስምህን ድምፄን ከፍ አድርጌ መጥራት አልችልም ነበር።

ያንተው
ባለቤትህ